በበጋም የማይደርቅ ቸርነት

ከፍኖተ ሰላም በቡሬ አድርገው ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ፣ መርዓዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ አለ። 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። በበጋ፣ አገሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ በቦዩ ዳር ስንዴውና ድንቹ ለምልሞ ይታያል። ያ ውኃ የዚያን ቀን ዝናብ አይደለም፤ ክረምት የዘነበው ነው። ገበሬው ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር የሚያጠጣው አስቀድሞ የተቀበለውን ነው።

የእምነት ሕይወትም እንዲሁ ነው። በደስታ ቀን የቀመስነውን የእግዚአብሔርን ቸርነት በልባችን ካላጠራቀምን፣ የመከራ በጋ ሲመጣ ምን እንጠጣለን?

ሰቆቃወ ኤርምያስ ምዕራፍ 3ን ልብ ብለን እናንብብ። እስከ ቁጥር 20 ድረስ የምንሰማው ምሬትና ለቅሶ ነው። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው የጌታን ምሕረት ወደ ልቡ ይመልሳል፤ ተስፋም ያደርጋል። በዚያች ሰዓት ኢየሩሳሌም አልታደሰችም፤ ፍርስራሹ እዚያው ነበር። የተለወጠው የሰውዬው ትዝታ ነው።

በአገራችንም በዚህ እሳት ያለፉ ባልና ሚስት ነበሩ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቢያገኙም መንጋቸውን ጥለው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከጸሎት ቤት ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። ወይዘሮ ፀሐይ በዚያው ሌሊት ተለቀቁ፤ ቄስ ጉዲና ግን ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይም በ1972 ዓ.ም. ታስረው፣ ያለ ፍርድ ወደ አሥር ዓመት ያህል በወኅኒ ቆዩ፤ ተሠቃዩም። የባላቸው አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው ግን ጌታቸውን ሳይክዱ ኖረው በ2007 ዓ.ም. ወደ እርሱ ሄዱ።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ አናለዝበው። ቄስ ጉዲና ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። የእግዚአብሔር ቸርነት ሁልጊዜ ከመከራ ማምለጥ ማለት አይደለም፤ በመከራው ውስጥ አለመተው ነው። የመስቀሉ ጌታ ይህን ያውቃል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ፣ በምዕራብ ጎጃምም ሐዘን የገባበት ቤት ብዙ ነው። ያዘነውን ወንድም «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» ብለን ቶሎ አንለፈው። አብረነው እንቀመጥ፣ እናልቅስ፣ እንጀራም እንቁረስለት። ምሕረት ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው የሚደርሰው።

ውድ ባለትዳሮች፣ ዛሬ ማታ መዝሙር 136ን አብራችሁ አንብቡ። በ26ቱም ቁጥሮች የጌታ ምሕረት ይወሳል፤ በመካከሉም ፈርዖንም ምድረ በዳም አለ። ከዚያ እናንተም የቤታችሁን ታሪክ በደብተር ጻፉ፦ የተወለደውን ልጅ፣ ያለፈውን ሕመም፣ ባዶ ሌማት ላይ የደረሰውን እጅ። ገና ያልተፈታውንም ችግር ሳትደብቁ ጻፉ። አንዱ ሲደክም ሌላው ያንብብለት።

ደመናው ቢርቅም የተጠራቀመው ውኃ አለ። ምንጩም ራሱ ጌታ ነው። እርሱ ይደግፋችሁ! አሜን።