ተጨማሪ መረጃ፦ መልስ ያጣው ደብዳቤና እስረኞቹ

ከደብረ ታቦር ብዙም የማትርቀው ጋፋት ስትነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ነው። አካባቢው ግን በሁለት መንግሥታት መካከል ለዓመታት የተጎተተ የእስረኞች ድርድርም አስተናግዷል።

ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ በእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በኩል ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም መልስ የሰጠው አልነበረም። ንጉሡ ይህን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ ማን ቢሆን አይቆጥረውም? በጃንዋሪ 1864 ካሜሮን ታሰረ። ሚሲዮናዊው ስተርን ቀድሞ ታስሮ ነበር።

እንግሊዝ ያኔ ነቅታ መልሱን በሆርሙዝድ ራሳም እጅ ላከች። ራሳም ምጽዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ከረመ። በ1866 መጀመሪያ ከንጉሡ ጋር ተገናኘ፤ በማርች እስረኞቹን ጣና ዳር ቆራጣ ላይ ተረከበ። ነገሩ ያለቀለት መሰለ። ቴዎድሮስ ግን ከእንግሊዝ የእጅ ባለሙያዎች ይፈልጉ ነበርና በኤፕሪል ራሳምን ጨምሮ ሁሉንም መልሰው ያዟቸው። ሚሲዮናዊው ፍላድ ሚስቱንና ልጆቹን እዚሁ ትቶ ባለሙያዎቹን እንዲያመጣ ለንደን ተላከ።

ባለሙያዎቹ ተቀጥረው ምጽዋ ደረሱ፤ እዚያም ቆሙ። እንግሊዝ «መጀመሪያ እስረኞቹ ይፈቱ»፣ ቴዎድሮስ «መጀመሪያ ባለሙያዎቹ ይምጡ» አሉ። ድርድሩን የገደለው ይህ የቅድሚያ ክርክር ነው።

ወደ መቅደላ የተወሰዱት እስረኞች የተለቀቁት በኤፕሪል 1868፣ ከእሮጌ ጦርነት በኋላ ነበር። ቴዎድሮስ ኤፕሪል 13 ራሳቸውን ሠዉ።