ክሩ ከታች ሲንዘላዘል ጥፋቱ ከላይ ነው

የገና ሰሞን ላሊበላ ነጭ በነጭ ትሆናለች። ታኅሣሥ 29 በቤተ ማርያም የሚዘመረውን ቤዛ ኩሉ ለመስማት ከላስታ ደጋ፣ ከዋግና ከራያ በእግሩ የሚመጣው ምእመን ጋቢና ነጠላውን ተከናንቦ ይገባል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ልብስ ሰፊው ፋታ አያገኝም። የጋቢ ጠርዝ ይሰፋል፤ የቀሚስ ደረት ይጠለፋል፤ ለጃንጥላ የሚሆነው ከፋይ ከገበሩ ጋር ተደርቦ ዘርፉ ይያያዛል። ይህ ሁሉ ድርብርብ ጨርቅ ነው፣ የስፌት መኪናን የሚፈትነውም ድርብርብ ጨርቅ ነው። ከላይ ቀጥ ብሎ ያማረው ስፌት ጨርቁ ሲገለበጥ ከስሩ ክሩ ተንዘላዝሎ፣ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ተከምሮ ይገኛል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ እጁን የሚሰደው ወደ ታች ነው። የተበላሸው ከታች ስለሆነ የታችኛውን ክር የያዘውን የቦቢን ቤት ያወጣና ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ያጠብቃል። አይስተካከልለትም፤ እንደገና ያጠብቃል። እኔ እዚህ ጥብቅና የምቆመው ለዚያች ብሎን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ አንዴ ከቦታዋ ከተነካካች ግን መኪናው ሁለት ችግር ይኖረዋል።

ነገሩን ለመረዳት ስፌቱ እንዴት እንደሚፈጠር ማየት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ኤሊያስ ሀው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት፣ አይዛክ ሲንገርም በ1851 ባስመዘገበው መኪና ዓለምን ያዳረሰበት የሁለት ክር ስፌት ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም። በየበረንዳው በእግር የሚነዳው አሮጌ ሲንጀርም ሆነ የፋብሪካው የኤሌክትሪክ መኪና የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። መርፌው የላይኛውን ክር ይዞ ጨርቁን ይበሳል። እስከ መጨረሻው ወርዶ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲመለስ ክሩን ጨርቁ ስለሚይዘው አብሮት መውጣት ያቅተዋል፤ በመርፌው ጎንም ትንሽ ቀለበት ሆኖ ይነፋል። መንጠቆው ያቺን ቀለበት ለቅሞ በቦቢኑ ዙሪያ ያሳልፋታል። ከዚያ ክር ሳቢው ክንድ ሽቅብ ሲነሳ የተረፈውን ክር ሰብስቦ ይስበዋል፤ ሁለቱ ክሮች የተቆላለፉበት ቋጠሮም ጨርቁ ውስጥ ይቀበራል።

ቋጠሮው የት እንደሚያርፍ የሚወስነው የገመድ ጉተታ ነው። ላይኛውና ታችኛው ክር እኩል ከሳቡ መሃል ላይ ይቆማል። ላይኛው ከደከመ ታችኛው ወደ ራሱ ይጎትተዋል፤ የላይኛው ክር ከጨርቁ ስር ይዘረገፋል። ስለዚህ ከስር የምናየው ዝልዝል የላይኛው ክር እንጂ የቦቢኑ አይደለም። ማረጋገጡ ቀላል ነው፦ ላይ ቀይ፣ ታች ነጭ ክር አድርጎ በቁራጭ ጨርቅ ላይ መስፋት። ከስር ቀይ ቀለበት ከታየ የሚመረመረው የላይኛው መንገድ ነው። ከላይ ነጭ ነጠብጣብ ብቅ ካለ ግን ወይ ታችኛው ላልቷል ወይ ላይኛው ከመጠን በላይ ጠብቋል።

የላይኛውን ክር የሚያጠብቁት በምንጭ ተገፍተው የሚገጥሙ ሁለት ክብ ብረቶች ናቸው። ክሩ በመካከላቸው ሲያልፍ ይፋተጋል፤ ፍትጊያውም ጥብቀት ይሰጠዋል። በአብዛኞቹ መኪናዎች ጨርቅ የሚጫነው እግር ሲነሳ እነዚህ ብረቶች ይላቀቃሉ፤ እግሩ ሲወርድ ይገጥማሉ። እግሩ ወርዶ ሳለ ክር ያስገባ ሰው ክሩን በተዘጋ በር ላይ አሳልፎታል ማለት ነው። ክሩ ብረቶቹ መሃል አይገባም፣ ከጠርዛቸው ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ያን ጊዜ ማስተካከያውን ምንም ያህል ቢያዞሩት ለውጥ የለውም፤ የሚጠብቀው ነገር ክሩን አልያዘውምና። እግሩን አንስቶ ክሩን ከመጀመሪያው ማስገባት ሠላሳ ሴኮንድ አይፈጅም፤ ከሁሉም በፊት መሞከር ያለበትም ይኸው ነው።

በመኪና ጥልፍ ላይ ደግሞ ይኸው ስህተት በሌላ መልክ ይመጣል። ጠላፊው የመኪናውን እግር ይፈታል፣ ጨርቅ ገፊውን ጥርስ ከሥራ ውጭ ያደርጋል፤ ጨርቁን በክብ ማቀፊያ ወጥሮም በሁለት እጁ ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። እግር ስለሌለ የእግሩን ማንሻ ዝቅ የማድረግ ነገር ይረሳል። ማንሻው ካልወረደ ግን ብረቶቹ ክፍት ናቸው፣ የላይኛው ክርም ያለ አንዳች ጥብቀት ይፈስሳል። በጥቂት ስፌት ውስጥ ከስር የክር ጎጆ ይሠራል። እግር ኖረም አልኖረም ማንሻው መውረድ አለበት።

በጥልፍ ላይ እጅም ድርሻ አለው። የመስቀሉን ወይም የሐረጉን ኩርባ ሲያዞሩ እጅ ይፈጥናል፣ የእግር መርገጫው በነበረበት ይቀጥላል። ጨርቁ ከመርፌው ፍጥነት በላይ ሲሳብ ክሩ ወደ ጎን ይጎተትና ከስር በኩርባው ላይ ብቻ ትናንሽ ቀለበቶች ይታያሉ። ቀጥታው መስመር ንጹህ ሆኖ ኩርባው ብቻ ከተበላሸ ችግሩ ጥብቀት አይደለም፤ እጅን ማዘግየት ወይም እግርን ማፍጠን ነው መድኃኒቱ። ጨርቁ በማቀፊያው እንዲወጠር የሚደረገውም በምክንያት ነው። የላላ ጨርቅ መርፌው ሲነሳ አብሮት ይነሳል፤ ያን ጊዜ መንጠቆው የሚለቅማት ቀለበት ሳትነፋ ትቀራለች፣ ስፌትም ይዘለላል።

የክሩ ጉዞ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ክሩ ከመጠቅለያው ተነስቶ በየቀለበቱና በየመሪው ይጠመዘዛል። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ በዙሪያ የተጠማዘዘ ክር ላይ ፍትጊያ አይደመርም፣ ይባዛል። የፍትጊያው መጠን 0.2 ቢሆን አንድ ሙሉ ዙር የጠመጠመ ክር ጥብቀቱ 3.5 ጊዜ ያህል ይጨምራል፤ ግማሽ ዙር ከሆነ ወደ 1.9 ጊዜ ገደማ። ክብ ብረቶቹ የራሳቸውን ሲደምሩ መሪዎቹ ግን የመጣላቸውን ያባዙታል። ለዚህ ነው መጠቅለያው ላይ ያለች ትንሽ እንከን፣ ክሩ የሚያዝባት ስንጥቅ ወይም ዝንፍ ብሎ የተቀመጠ እንጨት፣ መርፌው ጋ ስትደርስ ክር እስከ መበጠስ የምትደርሰው። አንድ መሪ ከተዘለለም ከጠቅላላው ጥብቀት የሚጎድለው ከግምታችን በላይ ነው።

የጨርቁ ነገርም አለ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በእጅ የተፈተለው ማግ ወፍራምና ልል ስለሆነ ቋጠሮውን ውጦ ይደብቀዋል። መሃሉን ትንሽ ቢስትም አይታይም። ስስና ጥብቅ ሸመና ያለው የፋብሪካ ጨርቅ ግን ቋጠሮ የሚደብቅበት ውፍረት የለውም። ጋቢ ሲሰፋ የዋለ መኪና ወደ ስስ ጨርቅ ሲዛወር ድንገት የተበላሸ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። መርፌም መለወጥ አለበት። ቁጥር 14 መርፌ 0.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ለድርብርብ ጋቢና ለከፋይ 16 ወይም 18 ይሻላል፣ ማለትም 1 ወይም 1.1 ሚሊ ሜትር። ክሩ በመርፌው ዓይን አንዴ አልፎ አይቀርም፤ ስፌት እስኪሆን ድረስ ያው የክር ክፍል ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይፋተጋል። ዓይኑ ከጠበበ ወይም ከሻከረ ክሩ ይላጫል፤ ጥብቀቱም በየስፌቱ ይዋዥቃል። የደነዘዘ መርፌ ደግሞ ዋጋው ከሚያበላሸው ጨርቅ ጋር አይወዳደርም።

ስለ አየሩ የሚናገር ሰው ብዙም አልሰማሁም፣ ሆኖም በላስታ ደጋ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ነው። የጥጥ ክር በመደበኛ እርጥበት ውስጥ ከደረቅ ክብደቱ 8.5 በመቶ የሚሆን ውኃ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን 0.4 በመቶ ብቻ። ጥጥ እርጥበቱን ሲያጣ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ይሰበራል። ፖሊስተር ደግሞ በደረቅ አየር ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ያጠራቅምና ከብረቱ ጋር መጣበቅ ይጀምራል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ በቅዳሜ ገበያ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚውል ክር ቀለሙ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ክርን በጨርቅ ጠቅልሎ በጥላ ማስቀመጥ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ችግሩ ካልሄደ ያን ጊዜ ወደ ታች እንውረድ፣ ግን መጀመሪያ ለጽዳት። የጋቢ ብናኝና የደጋው አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ በቦቢኑ ቤት ላይ ካለችው ስስ ምንጭ ስር ይገባል። አንዲት የጥጥ ቅንጣት ምንጯን ካነሳቻት ታችኛው ክር ይላላል፤ የወፍራም ወረቀት ጥግ አስገብቶ መጥረግ ይበቃል። መኪናው የሚፈልገው የራሱን ቀጭን ዘይት ነው፤ የምግብ ዘይት እየቆየ ይሟልጋል፣ መንጠቆውንም ያሳስረዋል። ከጽዳቱ በኋላ ቤቱን ከነቦቢኑ በክሩ ጫፍ አንጠልጥሎ መያዝ ነው። በራሱ ክብደት ተንሸራትቶ ከወረደ ላልቷል፤ እጅን ነቅነቅ ሲያደርጉት ትንሽ ወርዶ ከቆመ ደህና ነው። ነቅንቀውትም ፍንክች ካላለ ጠብቋል። ብሎኗ የምትዞረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ከሩብ ዙር በታች፣ የነበረችበትን ቦታ ምልክት አድርጎ።

አንድ ሥራ ብቻ ብሎኗን በእርግጥ ይፈልጋል። የካህናት ካባና የጃንጥላ ከፋይ ላይ የሚሰፋው ወርቃማ ክር ወፍራምና ሸካራ ነው፤ በመርፌ ዓይን ሲመላለስ ወርቁ ከውስጡ ክር እየተላጠ ይለያል። ስለዚህ ወርቃማውን ክር ቦቢን ላይ ጠቅልሎ፣ ከላይ ቀጭንና ጠንካራ ክር አድርጎ፣ ከፋዩን ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ከገበሩ በኩል መስፋት ይቻላል። ወርቁ በመርፌ ዓይን ሳያልፍ በፊቱ ላይ ይተኛል። ለዚህ የታችኛው ምንጭ በደንብ መላላት አለበት። ሁለተኛ የቦቢን ቤት ገዝቶ ለወርቃማ ክር ብቻ ማዋል፣ የመጀመሪያውን ደግሞ ለጋቢና ለቀሚስ እንደተስተካከለ መተው ነው የሚሻለው።