ያገለገለ ሪፒተር ለሚገዛ የአገሬ ልጅ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2001 ሲያትልን መጠኑ 6.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት ስልኩ ሁሉ ተጨናንቆ ነበር፡፡ ዘመድ ከዘመድ ደኅንነቱን ለመጠያየቅ ሰዓታት የጠበቀ ብዙ ነው፡፡ አማተር ሬዲዮን እንደ ቁም ነገር ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው፡፡

ሲያትል እንደ አዲስ አበባ ጋራና ሸለቆ የበዛባት ከተማ ናት፡፡ ሬይኒየር ጎዳና ላይ ቆማችሁ በእጅ ሬዲዮ ብትጣሩ ድምፃችሁ ቢከን ሂል ላይ ተላትሞ ይቀራል፡፡ መፍትሔው ሪፒተር ነው፤ ከፍታ ላይ ተቀምጦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሰማል፣ የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ በጉልበት ይለቀዋል፡፡

የመጀመሪያ ግዢዬ ገንዘብ ያቃጠልኩበት ነው፡፡ ዋቱ ብዙ፣ ዋጋው ርካሽ፣ ለድርጅት የተሠራ ጠንካራ ዕቃ ነበር፡፡ ቤት አድርሼ ጀርባውን ሳነብ “ከ450 እስከ 480 ሜጋኸርዝ” ይላል፡፡ የእኛ የ70 ሴንቲሜትር ሪፒተሮች ደግሞ የሚሠሩት ከ450 በታች ነው፡፡ ዝቅ ላድርገው ብዬ ታገልኩ፡፡ አስተላላፊው እሺ አለ፤ ተቀባዩ ግን ደነቆረ፣ የመግቢያ ማጣሪያው የተሠራው ለሌላ ባንድ ነዋ!

ስለዚህ ከስሙ በፊት የባንዱን ክልል አንብቡ፡፡ ኬንዉድ ቲኬአር 750 የሚባለው አንዱ ዓይነት ከ146 እስከ 174፣ ሌላው ከ136 እስከ 150 ሜጋኸርዝ ይሸፍናል፡፡ ከውጭ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው፡፡ ኢትዮጵያ ባለችበት ክልል የሁለት ሜትር ባንድ ከ144 እስከ 146 ስለሆነ፣ “ለአገር ቤት ልላክ” የሚል ሰው የመጀመሪያውን ቢገዛ ብረት ላከ ማለት ነው፡፡ አንዳንድ የቆዩ ዕቃዎች የኃይል ሳጥናቸው ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ነው፤ የአገር ቤቱ መብራት 50 ኸርዝ ነው፡፡ ፈቃድም አስቀድሞ ይጠየቃል፡፡

ሁለተኛው ነገር ዱፕሌክሰር ነው፡፡ አንድ አንቴና ላይ እየጮኹ ማዳመጥ ስለማይቻል፣ የራሱን ጩኸት ከጆሮው የሚያርቅለት ማጣሪያ ያስፈልጋል፡፡ በሁለት ሜትር ባንድ መስሚያውና መልቀቂያው የሚራራቁት በ600 ኪሎኸርዝ ብቻ ስለሆነ ማጣሪያው ትልልቅ የቆርቆሮ ጣሳ ድርድር ይሆናል፡፡ በ70 ሴንቲሜትር ልዩነቱ 5 ሜጋኸርዝ ስለሆነ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ይበቃል፡፡ ቦታ ለሌለው ማኅበር እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው፡፡ አደራ፣ ለናንተ ፍሪኩዌንሲ የሚቃኝ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ፡፡

ዋት ላይ አትሟሟቱ፡፡ ሃያ አምስት ዋት ያለማቋረጥ የሚችል፣ አምሳ ዋት ለአፍታ ከሚችል ይበልጣል፡፡ የመኪና ሬዲዮ ሁለቱን አያይዘው ሪፒተር የሚያደርጉ አሉ፤ የእኛን ሰው ሰላምታ ግን አይችልም፡፡ “እንዴት ናችሁ፣ ልጆቹ ደኅና፣ እናትህስ?” ሳይባል ይግላል!

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ የአሜሪካ ድርጅቶች ወደ ጠባቡ 12.5 ኪሎኸርዝ እንዲገቡ ስለተገደዱ ብዙ ጥሩ ሰፊ ባንድ ዕቃ ወደ አሮጌ ገበያ ወጣ፡፡ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ከሆነ ሰፊውን ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ፡፡ የፕሮግራም ሶፍትዌሩና ኬብሉም አብሮ ይምጣ፤ አንዳንዱ የሚሠራው በዶስ ኮምፒዩተር ብቻ ነው፡፡

ፍሪኩዌንሲውን በምዕራብ ዋሽንግተን የሚያቀናጀው ደብልዩ ደብልዩ ኤ አር ኤ የተባለው ማኅበር ነው፤ ከግዢ በፊት እሱን ማነጋገር ይበጃል፡፡ ታክሲ ነጂዎቻችንም ይስሙ፦ በአማተር ባንድ ሥራ ማስኬድ ክልክል ነው፡፡ በአማርኛ መጫወት ግን ይቻላል፡፡ በየአሥር ደቂቃውና ጨዋታው ሲያበቃ የጥሪ ምልክታችሁን በእንግሊዝኛ ማለት ብቻ ነው፡፡