«አይቻልም» ሲባል ያልቻለው ማን ነው?

ባለፈው ክረምት የዕረፍት ጊዜያችንን ለማሳለፍ ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ የጁቤ ወርደን ሳለን፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ዘመዳችን ወረቀት ማኅተም ለማስመታት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ አብረናቸው ሄድን። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና «አባባ፣ ዛሬ አይቻልም» አላቸው። እኛ ወዲያውኑ ለመመለስ ፊታችንን አዞርን። ሽማግሌው ግን ከቦታቸው ሳይነቃነቁ «ልጄ፣ ያልቻለው ማን ነው? አንተ ነህ፣ ሕጉ ነው፣ ወይስ ወረቀቱ?» ሲሉ ጠየቁት። ጸሐፊው ፈገግ ብሎ፣ ማኅተሙን የሚይዙት ሰው ለስብሰባ መውጣታቸውንና ከሰዓት በኋላ እንደሚመለሱ ነገራቸው። ከሰዓት በኋላም ማኅተሙ ተመታ። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነን ባዮች በክፍል ውስጥ ያላስተዋልነውን ነገር ከዚያ መስኮት ሥር ተማርን።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ችሎታና መሆን የሚችል ነገር በአማርኛ እንዴት እንደሚገለጥ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩ የሰዋስው ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ከመስኮት ሥር ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው ወይም የማይመለሰው በዚሁ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። «ቻለ» የሚለው ግሥ የመጣው «ክህለ» ከሚለው ከግዕዙ ግሥ ነው። ግዕዝ «ክሂሎት» የሚለውን አማርኛ «ችሎት»፣ «ችሎታ» ይላል። እግዚአብሔርን «ሁሉን ቻይ» ስንል ኀይሉን መናገራችን ነው፤ ጎረቤታችንን «ቻይ ሰው ነው» ስንል ግን ታጋሽነቱን ማመስገናችን ነው። «ሕመሙን ቻለው» ማለት ታገሠው፣ «ወጪውን ቻለ» ማለት ሸፈነው፣ «ራሱን ቻለ» ማለት ከሰው እጅ ወጣ ማለት ነው። እንግዲህ አማርኛ ማድረግንና መሸከምን በአንድ ቃል ያስራል። የቃሉ ሀብት ይኸው ነው፤ ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ችግሩ ጎልቶ እንዲታየን አንድ ሩቅ አገር ደርሰን እንመለስ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ በላኦስ የሚነገረው የላኦ ቋንቋ እኛ በአንድ «ይችላል» የምንጠቀልለውን ለሦስት ይከፍለዋል። ሰው ተምሮ ያወቀውን ሞያ ሲናገር «ፔን» ይላል፤ ዕድል ወይም ፈቃድ ያገኘበትን ሲናገር «ዳይ» ይላል፤ ጉልበቱ የሚሸከመውን ሲናገር ደግሞ «ዋይ» ይላል። «ዳይ» ብቻውን ሲቆም «አገኘ» ማለት ነው። ሦስቱም ዋናውን ግሥ ተከትለው ይመጣሉ። ስለዚህ አንድ ላኦ «መዋኘት አልችልም» ሲል፣ ዋና አለመማሩን፣ መከልከሉን ወይም መድከሙን ሰሚው ከቃሉ ሊለይ ይችላል።

ታዲያ አማርኛ ይህን መለየት አይችልም ማለት ነውን? አይደለም። መለያው ሞልቶናል፤ የምንሰንፈው እኛ ነን። ለተማሩት ሞያ «ያውቃል» የሚል ቃል አለን፤ «ዋና ያውቃል» ይባላል። ከዕውቀት አልፎ ለተካነበት ሰው «ይችልበታል» እንላለን፤ ይህች «በት» የምትባል ትንሽ ምዕላድ ተራውን ችሎታ ወደ ብልሃት ታሸጋግረዋለች። አንዳንድ ጊዜም ምንም ረዳት ቃል ሳያስፈልግ «ያነባል፣ ይጽፋል፣ ቅኔ ይቀኛል» ማለት ብቻ ይበቃል። ለጉልበት ማነስ «አቃተው»፣ «ተሳነው»፣ «አቅም አነሰው» አለን። ለፈቃድ ደግሞ «ተፈቀደለት»፣ «ተከለከለ» አለን። ሁኔታው ሳይመች ሲቀር «አልሆነልኝም» እንላለን።

ይህን ሁሉ ትተን በ«አልችልም» ብቻ ስንናገር የምንጎዳው ራሳችንን ነው። ከብቸና፣ ከሞጣ ወይም ከየጁቤ አዲስ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ወር «እንግሊዝኛ አልችልም» ይላል። እውነቱ ግን «ገና አልተማርሁትም» ነው። «አላውቅም» ያለ ሰው ነገ ሊያውቅ ይችላል፤ «አልችልም» ያለ ሰው ግን ጉድለቱን ከትምህርቱ አውጥቶ በገዛ ተፈጥሮው ላይ ይለጥፈዋል።

አሁን ወደ ጸሐፊው ቃል እንመለስ። «አልችልም» ቢል ኖሮ ባለቤቱ «እኔ» መሆኑ ከግሡ ውስጥ በታወቀ ነበር። «አይቻልም» ሲል ግን ግሡ ተደራጊ ሆኖ ባለቤቱ ይሠወራል። «በተቻለን መጠን እንረዳዎታለን» በሚለውና «በተቻለ መጠን ይታያል» በሚለው መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው። በመጀመሪያው የሚጠየቅ ሰው አለ፤ በሁለተኛው ማንም የለም።

ተደራጊ ግሥ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። «ይህ ውሃ አይጠጣም» ስንል የውሃውን ጠባይ መናገራችን ነው። ከየጁቤ በስተደቡብ ወዳለው ወደ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛም «በክረምት በእግር አይሻገሩትም» ቢባል፣ የማይሻገሩት እነማን እንደ ሆኑ አይጠይቅም፤ ከልካዩ ወንዙ ነውና። ስሕተቱ የሰውን ውሳኔ እንደ ወንዝ ሙላት አድርጎ መናገር ነው። ወንዝ ይግባኝ አይባልበትም፤ በሰው ውሳኔ ላይ ግን ይባላል። ፍርድ የሚሰጥበትን ጉባኤ «ችሎት» ብለን የምንጠራ ሕዝብ ይህን ልንዘነጋው አይገባም።

ከችሎታ ቀጥሎ ያለው ነገር ግምት ነው። ላኦዎች ለዚህ «አት» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ እርሱም ከግሡ በፊት ይገባል። እኛ ዘንድ መለያው የግሡ ቅርጽ ነው። «ዝናብ ሊዘንብ ይችላል» እንላለን እንጂ «ዝናብ መዝነብ ይችላል» ብንል ዝናቡ ብርታት ያለው ሰው መስሎ ለጆሮ ይቆረቁራል። እንዲሁም «መሄድ ይችላል» ሲባል ስለ ሰውየው አቅም ወይም ፈቃድ እናስባለን፤ «ሊሄድ ይችላል» ሲባል ግን ምናልባት ይሄድ እንደ ሆነ እንጠብቃለን። በአሉታ ግን ይህ ድንበር ይፈርሳል፤ «መሄድ አልቻለም» እና «ሊሄድ አልቻለም» ሁለቱም አቅም ወይም ዕድል ማጣትን ይናገራሉ።

የግምት ደረጃዎችም አሉት። አንድ ሰው ከገበያ እስኪመለስ እየጠበቅን ነው እንበል። «ይመጣ ይሆን?» ስንል እንጠራጠራለን። «ይመጣ ይሆናል» ስንል ሁለቱንም በር ክፍት እንተዋለን፤ መጥቶ እንደ ሆነ ካላወቅን ደግሞ «መጥቶ ይሆናል» እንላለን። «ሳይመጣ አይቀርም» ስንል ወደ እርግጡ እናዘነብላለን። «መምጣቱ አይቀርም» ስንል ጥርጣሬ አለቀ። «ሳይመጣ» እና «መምጣቱ» ተቀራራቢ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከምስክር አፍ ሲወጡ አንዱ ግምት ሌላው እርግጥ ነው። «እርሱ ሳይሆን አይቀርም» ያለውን ምስክር «እርሱ ነው» ብሎ የመዘገበ ጸሐፊ የሰውን ዕድል በአንድ ቃል ይለውጣል።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመስኮቱ ኋላ የምንቀመጠው እኛው ነን። ያን ጊዜ «አይቻልም» የሚለው ቃል ወደ አፋችን ሲመጣ አራት ጥያቄ ብንጠይቅ መልካም ነው። አላውቅምን? አልተፈቀደልኝምን? አቅም አነሰኝን? ወይስ አልፈለግሁምን? መልሱን ካገኘን በኋላ ለባለጉዳዩ በዚያው በትክክለኛው ቃል እንንገረው። «አላውቅም» ያልነው ሰው የሚያውቅ ይፈልጋል፤ «አልተፈቀደም» ያልነው ሕጉን ይጠይቃል፤ «ማኅተም ያዡ የሉም» ያልነው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። «አልፈለግሁም» ብለን ለመናገር ካፈርን ደግሞ ሥራውን ብንሠራለት ይቀላል።

ዘመዳችን ወረቀታቸውን በኪሳቸው ከትተው ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ቋንቋ አንድም ነገር አልተናገሩም። የተናገሩት «ባልጠይቀው ኖሮ ነገ ይኸን ሁሉ መንገድ እንደ ገና ልመጣ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው።