የቺኮው ቢራ በቤት ማሰሮ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኮ በምትባል ከተማ የሚጠመቀውን ሴራ ኔቫዳ ፔል ኤል ቤታቸው አስመስለው ለመጥመቅ የሚደክሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሱቅ ሞልቶ ለሚሸጥ ቢራ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? የሚል አይጠፋም። እንዲያውም ይህ ቢራ ከቤት ማሰሮ ጋር ዝምድና አለው። የፋብሪካው መሥራች ኬን ግሮስማን እ.ኤ.አ. በ1976 ቺኮ ውስጥ የቤት ጠመቃ ዕቃ መሸጫ ሲከፍት፣ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቢራን በቤት መጥመቅ ገና አልተፈቀደም ነበር፤ ፕሬዚዳንት ካርተር ክልከላውን ያነሣውን ሕግ የፈረሙት በ1978 ነው። ከዚያ ግሮስማንና ባልደረባው ፖል ካሙሲ ከወተት ማቀነባበሪያ የተረፉ ጋኖችን ገጣጥመው በ1980 ጠመቃ ጀመሩ። ከቤት ጠማቂ እጅ የወጣን ቢራ ቤት ጠማቂ ቢቀዳው ማን ይከሰዋል? ከዚህ ይልቅ የሚያከራክረው የሚቀዳው ምኑ ነው የሚለው ነው።

የቢራው መለያ ካስኬድ የተባለው ሆፕ ነው። ኦሪገን ውስጥ ተዳቅሎ በ1972 ለገበሬ የተሰጠ ዝርያ ሲሆን የግሬፕፍሩትና የጥድ ሽታ አለው። ነገር ግን ያው ሆፕ ድስቱ ውስጥ እንደገባበት ደቂቃ ጠባዩ ይለያያል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲንተከተክ አልፋ አሲዱ ቅርጹን ለውጦ የሚሟሟ ምሬት ይሆናል፤ ሽታ የተሸከመው ዘይት ግን ከእንፋሎቱ ጋር በንኖ ያልቃል። እሳቱ ሲጠፋ የተጨመረው ደግሞ ምሬቱ ጥቂት፣ ሽታው ብዙ ነው። ስለዚህ ከሆፑ ስም ይልቅ ሰዓቱን መቅዳት ይበልጣል። ለ20 ሊትር 4.5 ኪሎ ፈዛዛ የገብስ ብቅልና ግማሽ ኪሎ ያህል ካራሜል ብቅል ተከክቶ በ67 ዲግሪ ሙቅ ውሃ አንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል። ሙቀቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከወረደ ቢራው ይቀጥናል፤ ከወጣ ጣፋጭነቱ አይለቅም። ተጣርቶ አንድ ሰዓት ሲፈላ 30 ግራም ካስኬድ መጀመሪያ ላይ፣ 30 ግራም አጋማሹ ላይ፣ 40 ግራም እሳቱ ሲጠፋ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ የሚጠምቅ ሰው ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላበት ምሬቱ ቶሎ አይወጣለትም፤ የመጀመሪያውን ሆፕ ጨመር ያድርግ።

ሆፕ ከጠፋ ጌሾ አለን የሚል ይኖራል። ጌሾ ምሬት ይሰጣል፤ ጠላ ጠማቂ እናቶች ያለ እሱ ጥንስስ አያስቡም። የግሬፕፍሩት ሽታ ግን የለውምና የሚወጣው መጠጥ ቢጣፍጥም ሌላ ነው። እርሾውን ማግኘት የሚያስቸግር ቢመስልም ቀላል ነው። ይህ ቢራ ጋዙን የሚያገኘው ጠርሙስ ውስጥ ስለሆነ ከሥሩ ስስ አተላ ይቀመጣል፤ አተላው ሕይወት ያለው እርሾ ነው። ብልህ ጠማቂዎች ያንን በብቅል ውሃ እየመገቡ ያራቡታል። ፋብሪካው ራሱ በየጠርሙሱ ዘር እያደለ ስለ ምስጢር ማውራት ያስቃል። እንደ ጊዮርጊስ ያሉት ላገሮች በቅዝቃዜ ሲብላሉ፣ የኤል እርሾ ግን ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ በሁለት ሳምንት ሥራውን ይጨርሳል።

ጠንካራው ተቃውሞ የመሣሪያ ነው። ፋብሪካ አየር ሳያስገባ ይሞላል፤ ቤት ውስጥ በቱቦ ሲገለበጥ ኦክስጅን ይገባል፤ ኦክስጅን ደግሞ የሆፕን ሽታ ገድሎ የረጠበ ካርቶን ጣዕም ያመጣል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም የሆፕ ሽታ በፋብሪካው ጠርሙስ ውስጥም በጊዜ ይደክማል፤ ባሕር ተሻግሮ መደርደሪያ ላይ ወራት የቆየው ቢራ በቺኮ ከሚቀዳው ብዙ ርቋል። ቤት የተጠመቀው መንገድ የለበትም፤ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ጋዙን ይዞ ወዲያው ይጠጣል። በእኔ ሚዛን ሽታውን በተመለከተ ከሩቅ ከመጣው ጠርሙስ ይልቅ ለዋናው ይቀርባል፤ በየጊዜው አንድ ዓይነት ሆኖ በመውጣት ግን ፋብሪካውን አይደርስበትም። ብርሃን ሆፕን ስለሚያገማው ቡናማ ጠርሙስ ይመረጣል። ጋዝ እንዲይዝ ጠርሙሱ ሲሞላ የሚጨመረው ስኳር በሊትር ከ6 እስከ 7 ግራም ይበቃል፤ ከዚያ በእጅጉ ካለፈ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።