የመጀመሪያ ሸክላ ማጫወቻችሁን ከመግዛታችሁ በፊት

በዚህ እትም ላወጋችሁ የፈለግኩት ስለ ሸክላ ነው፡፡ ጀበናና እንስራ ስለሚሠራበት ሸክላ ሳይሆን አባቶቻችን ዘፈን ስላስቀረጹበት ጥቁር ክብ ሸክላ ማለቴ ነው፡፡ «በስልክ ዘመን ደግሞ ምን ሸክላ አመጣው?» የምትሉ ትኖራላችሁ፡፡ እስቲ ታገሱኝ፡፡

ነገሩ የጀመረው ቤታችን ውስጥ ነው፡፡ አባቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያስቀመጧቸው ሃያ ስድስት ትንንሽ ሸክላዎች አሏቸው፡፡ ማጫወቻው ግን ከተበላሸ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር፡፡ አንድ ዘመዳችን ከውጭ ሲመጣ እንደ ሻንጣ የሚከፈት፣ ስፒከሩ አብሮት ያለ፣ ሲያዩት የሚያምር ማጫወቻ ይዞልን መጣ፡፡ ቤቱ በዓል ሆነ፡፡ አባቴ በጣም የሚወዱትን አንዱን ሸክላ ማታ ማታ ሲያስደጋግሙት ከረሙ፡፡ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ዘፋኙ «ሰ» ባለ ቁጥር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር፡፡ አባቴም «ጆሮዬ ነው እንዴ ያረጀው?» አሉኝ፡፡ ጆሮአቸው አልነበረም፡፡ ሸክላውን ጓደኛዬ ቤት ወስጄ በጥሩ ማጫወቻ ብሞክረውም ሽሽታው አልለቀቀውም፡፡ ሸክላው ራሱ ተበልቷል ማለት ነው፡፡ ያ ዘፈን ደግሞ ሱቅ ሄደው የሚገዙት ዓይነት አይደለም፡፡

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን ማጥናት የጀመርኩት፡፡ ጉዳዩ የእኛ የኤሌክትሪካል ተማሪዎች ትምህርት ሆኖ ስላገኘሁት ለእናንተም ላካፍላችሁ፡፡

ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡) አምሐ እሸቴ አምሐ ሪከርድስን በ1969 ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ነበር፡፡ ሰውየው ይህን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ፡፡ ካይፋ ሪከርድስን የመሳሰሉ ሌሎችም ተከተሉ፡፡ ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ አገር ነበር፡፡ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ካሴት ቦታውን ወሰደና ሸክላ ቀረ፡፡ እንግዲህ የዚያ ዘመን የአገራችን የሸክላ ሙዚቃ የታተመው ከአሥር ዓመት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው፡፡ ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ ሲዲ ከ1997 ጀምሮ ብዙውን አድኖልናል፡፡ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ያወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ም በ2017 እንደገና በሸክላ ታትሟል፡፡ ያልታተመው ግን የቀረው በየሰው ቤት፣ በየሣጥኑ ውስጥ ነው፡፡ ስለዚህ ማጫወቻ ስንመርጥ የምንመርጠው ጥሩ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ሸክላውን የማይበላ ዕቃም ነው፡፡

ሸክላ እንዴት ይዘፍናል?

በሸክላው ገጽ ላይ ከዳር ወደ መሃል የሚጠመዘዝ አንድ ረጅም ቀጭን ቦይ አለ፡፡ የቦዩ ግድግዳ እንደ ድምፁ ሞገድ የተወላገደ ነው፡፡ መርፌው በቦዩ ውስጥ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፡፡ የመርፌው ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ማግኔት አለች፤ አጠገቧ የሽቦ ጥቅል አለ፡፡ ማግኔቷ ስትነቃነቅ በሽቦው ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል፡፡ ያው የተማርነው የፋራዴይ ሕግ ነው፡፡ ይህ መርፌና ጥቅል ያለበት ትንሽ ዕቃ ካርትሪጅ ይባላል፡፡

ሸክላ በሦስት ፍጥነት ይመጣል፡፡ ትልቁ (30 ሳንቲ ሜትር ያህል) በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ፣ ትንሹ (17.5 ሳንቲ ሜትር ያህል) አብዛኛውን ጊዜ 45 ጊዜ፣ የጥንቱ ተሰባሪ ሸክላ ደግሞ 78 ጊዜ ይዞራል፡፡ የወላጆቻችን ሸክላ አብዛኛው ባለ 45 ስለሆነ ማጫወቻው 33 እና 45 ካለው ይበቃል፡፡ የአያቶቻችሁ ባለ 78 ካለ ግን ፍጥነቱ ብቻ አይበቃም፡፡ ቦዩ ሰፊ ስለሆነ የራሱ ወፍራም መርፌ ይፈልጋል፡፡ ቀጭኑ መርፌ ሰፊው ቦይ ውስጥ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ድምፁን ያበላሸዋል፡፡

ሦስት ዓይነት ማጫወቻ

አንደኛው የሻንጣው ዓይነት ነው፡፡ ሁሉ ነገር በአንድ ላይ ስላለው ይመቻል፤ ርካሽም ነው፡፡ ችግሩ ብዙዎቹ የሴራሚክ ካርትሪጅ ያላቸው ሲሆን መርፌው በሸክላው ላይ 5 ወይም 6 ግራም ያህል ይጫናል፤ ክብደቱንም መለወጥ አይቻልም፡፡ ደህና ካርትሪጅ የሚጠይቀው 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው፡፡ እውነቱን ለመናገር አንድ ሁለቴ ቢያጫውቱበት ሸክላው አይሞትም፡፡ መርፌው እያረጀ፣ ያው ሸክላ እየተደጋገመ ሲሄድ ነው ጉዳቱ የሚጠራቀመው፡፡ የአባቴም ዕጣ ይኸው ነበር፡፡

ሁለተኛው ቀላል አውቶማቲክ ነው፡፡ እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ60ኤክስ ያለው ቁልፍ ሲጫኑት ክንዱ ራሱ ሄዶ ያርፋል፣ ሲጨርስ ራሱ ይመለሳል፡፡ የመርፌው ክብደት ከፋብሪካ የተስተካከለ ነው፤ ከሻንጣው ዓይነትም ይቀላል፡፡ ማስተካከል ለማይፈልግ ጀማሪ መጥፎ አይደለም፡፡ ነገር ግን ካርትሪጁን በሌላ መለወጥ አይቻልም፤ የሚለወጠው መርፌው ብቻ ነው፡፡

ሦስተኛው ክንዱ ከኋላ በኩል የሚስተካከል ክብደት ያለው ነው፡፡ የኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ120ኤክስ፣ የኦስትሪያው ፕሮጀክት ዴቡት፣ ድሮ የተሠራውም ቴክኒክስ ኤስኤል1200 ከዚህ ወገን ናቸው፡፡ ካርትሪጁ ይለወጣል፣ ክብደቱ ይስተካከላል፣ ዕቃው አብሮን ያድጋል፡፡ የማይተካ ሸክላ ላለው ሰው የእኔ ምክር ይህ ነው፡፡

ቺንጋ ወይስ ቀጥታ?

ሳህኑን የሚያዞረው ሞተር ወይ በቺንጋ ወይ በቀጥታ ነው፡፡ ባለ ቺንጋው እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ ሞተሩ ራቅ ብሎ ይቀመጥና የላስቲክ ቺንጋ ሳህኑን ያዞራል፡፡ ላስቲኩ የሞተሩን ንዝረት ስለሚውጥ ጸጥ ያለ ነው፤ በዓመታት ውስጥ ግን ይላላል፣ መለወጥ አለበት፡፡ በቀጥታ የሚያዞረው ደግሞ ሳህኑ ራሱ ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ቶሎ ይነሳል፣ ቺንጋ አይፈልግም፡፡ ዲጄዎች የሚመርጡት ለዚህ ነው፡፡ ሁለቱም በደንብ ከተሠሩ ጥሩ ናቸው፤ ብዙ አትጨቃጨቁበት፡፡

ቮልቱን ብቻ አትዩ

ይህ ለእኛ አገር ሰው ዋናው ነጥብ ይመስለኛል፡፡ ብዙዎቻችን ዕቃ የምናገኘው ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፡፡ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፡፡ ሰው ሁሉ ቮልቱን ያስባልና ትራንስፎርመር ይገዛል፡፡ ትራንስፎርመር ግን ኸርዙን አይለውጠውም፡፡

የብዙ አሮጌ ባለ ቺንጋ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ ነው፡፡ ለ60 የተሠራው በ50 ሲዞር ፍጥነቱ አምስት ስድስተኛው ብቻ፣ ማለትም 5/6ኛው ይሆናል፡፡ 33 ከ1/3 የነበረው ወደ 27.8፣ 45 የነበረው ወደ 37.5 ይወርዳል፡፡ ዘፈኑ ከመዘግየቱም በላይ በሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ይወፍራል፡፡ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትሆንባችኋለች ማለት ነው! አንዳንዶቹ የሞተሩን ፑሊ በ50 ኸርዝ ፑሊ በመለወጥ ይስተካከላሉ፡፡ በአዳፕተር የሚሠሩ አዳዲሶቹና ፍጥነታቸውን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩት ግን ይህ ችግር የለባቸውም፡፡ ስለዚህ ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት ከዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ይንገራችሁ፡፡ «50/60 ኸርዝ» ካለና ቮልቱም 220ን የሚያካትት ከሆነ እሰየው፡፡

ፎኖ ፕሪአምፕ ምንድነው?

ማጫወቻ ገዝቶ ቤት ካለው ቴፕ ጋር ያገናኘ ሰው «ድምፁ እንደ ትንኝ ነው» ብሎ ሲያማርር ሰምታችሁ ይሆናል፡፡ ባለ ማግኔት ካርትሪጅ የሚሰጠው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ቮልት ያህል ነው፡፡ ሲዲ ማጫወቻ ግን እስከ 2 ቮልት ይሰጣል፡፡ ልዩነቱ በመቶዎች እጥፍ ነው፡፡ በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፡፡ ወፍራሙ ባይቀነስ ቦዩ በጣም ሰፍቶ ቦታ ይጨርስ ነበር፤ ቀጭኑ ባይጨመር ደግሞ በሸክላው ሽሽታ ይዋጥ ነበር፡፡ አር.አይ.ኤ.ኤ. በሚባለው መለኪያ መሠረት በሁለቱም ዳር ለውጡ አሥር እጥፍ ያህል ይደርሳል፡፡

ይህን መልሶ የሚያስተካክለውና የሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው፡፡ አንዳንድ ማጫወቻ ውስጡ አለው፣ የድሮ አምፕሊፋየሮች «ፎኖ» የሚል ቀዳዳ አላቸው፣ ካልሆነም ለብቻው ይገዛል፡፡ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትጠቀሙ፤ ድምፁ ይቆራረጣል፡፡ ማጫወቻው ቀጭን የመሬት ሽቦ ካለው አምፕሊፋየሩ ላይ እሰሩት፤ አለዚያ «ዝዝዝ» የሚለው የ50 ኸርዝ ድምፅ አይለቃችሁም፡፡

አሮጌ ስትገዙ

ምናለሽ ተራም ሆነ ከሰው ቤት አሮጌ ስትገዙ እነዚህን ተመልከቱ፡-

1. ሳህኑ ሲዞር ከጎን ዓይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እዩት፤ እየተነሳ እየወደቀ ከሆነ ተዉት፡፡
2. ክንዱን በቀስታ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት፤ መያዝ ወይም መንገጫገጭ የለበትም፡፡
3. ከኋላ ያለው ክብደት መኖሩን አረጋግጡ፡፡ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው፡፡
4. ለዚያ ካርትሪጅ አዲስ መርፌ ዛሬም የሚገኝ መሆኑን ጠይቁ፡፡
5. ሻጩ «መርፌው አዲስ ነው» ቢላችሁ አትመኑ፡፡ የመርፌ ዕድሜ እንደ ጫፉ ቅርጽ ከ300 እስከ 1000 ሰዓት ነው፡፡ ስንት ሰዓት እንደሠራ ካላወቃችሁ እንዳለቀ ቁጠሩት፡፡

ከማጫወቻው ጋር አንድ ትርፍ መርፌ አብራችሁ አስመጡ፡፡ በኋላ ለአንዲት መርፌ መንገደኛ መጠበቅ አለና፡፡

አቀማመጥና አያያዝ

ማጫወቻው ለጥ ያለ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ስፒከሩ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አይሁን፤ ንዝረቱ ወደ መርፌው ይመለሳል፡፡ የመርፌውን ክብደት ለማስተካከል መጀመሪያ የኋላውን ክብደት እያዞራችሁ ክንዱ እንደ ሚዛን አየር ላይ እንዲንሳፈፍ አድርጉ፡፡ ቁጥሩን ዜሮ ላይ አድርጉና የካርትሪጁ አምራች ወዳለው ግራም አዙሩት፡፡ ለምሳሌ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 2 ግራም ይጠይቃሉ፡፡ ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያም በዚያው ቁጥር ላይ አድርጉት፡፡

«ቀላል ከሆነ ይሻላል» ብላችሁ ከተባለው በታች አታውርዱት፡፡ መርፌው እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል፡፡ ድሮ ሸክላው ሲዘል ሰዎች ክንዱ ላይ ሳንቲም ያስቀምጡ ነበር፤ ይህንንም አታድርጉ፡፡ ሸክላ የሚዘለው ብዙ ጊዜ ከቆሻሻ ነው፡፡

የአዲስ አበባን አቧራ ታውቁታላችሁ፡፡ ከማጫወታችሁ በፊት በካርቦን ብሩሽ አንድ ዙር ጥረጉት፡፡ ሸክላ እንደ መጽሐፍ ይቁም እንጂ አይደራረብ፤ ፀሐይ ባለበት መስኮት አጠገብም አይሁን፡፡ ባለ 78ን በአልኮል በጭራሽ አትንኩት፤ ይሟሟል፡፡ መብራት ከሄደ ደግሞ ቶሎ ብላችሁ ክንዱን አንሱና ሶኬቱን ንቀሉ፤ መብራቱ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም፡፡

ማጠቃለያ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፡፡ ሸክላ ግን ከፈሰሰ የሚለቀም አይደለም፡፡ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ውድ ስፒከርን ለኋላ አቆዩትና የሚስተካከል ክንድና አዲስ መርፌ ላይ አውሉት፡፡ ስፒከር ቢከፋ ጆሮ ነው የሚያዝነው፤ መርፌ ቢከፋ ሸክላው ነው የሚጠፋው፡፡ የማይተካውን ሸክላ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አታጫውቱት፡፡ በሌላ ተራ ሸክላ ማጫወቻውን ፈትኑ፣ ከዚያ ውዱን ስታጫውቱት በዚያው ወደ ኮምፒውተር ቅዱት፡፡

እኛ ቤት ክንዱ የሚስተካከል አሮጌ ማጫወቻ ገዝተን አዲስ መርፌ አስገባንለት፡፡ ሃያ አምስቱን ሸክላዎች አንድ በአንድ ቀዳናቸው፡፡ ሃያ ስድስተኛውንም ከነሽሽታው ቀዳነው፡፡ አባቴ አሁንም ከሁሉ አብልጠው የሚከፍቱት እሱኑ ነው፡፡ «ሰ» ላይ ሲደርስ እኔ አንገቴን ብደፋም እሳቸው አብረው ይዘፍኑታል፡፡