የሶፍትዌር ዕድሳትና የመዘግየት ዋጋ

ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋጋው አጥብቆ ሲጠይቅ፣ በውስጡ ያሉት ፕሮግራሞች ከየደራሲዎቻቸው እጅ ወጥተው፣ እርስ በርሳቸው ተስማምተው፣ ጉድለታቸውም በየጊዜው እየታረመ ይደርሱት ዘንድ የሚደክሙትን ሰዎች የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢየን መርዶክ የመሠረተው ዴቢያን የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ይህን አገልግሎት ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ሲፈጽም፣ «ስቴብል» በተባለው እትሙ ላይ ጽኑ ሥርዓት ደነገገ፤ ይኸውም በየሁለት ዓመቱ ገደማ የሚወጣው እትም አንድ ጊዜ ከታተመ በኋላ የደኅንነት ጉድለት ቢገኝበት፣ አዲሱ ፕሮግራም እንዳለ በአሮጌው ቦታ እንዲተካ ሳይሆን፣ እንደ ደንቡ እርማቱ ብቻ ተለይቶ በአሮጌው ላይ እንዲጨመር ነው።

በዚህም ምክንያት የሆስፒታል ወይም የባንክ ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ ዛሬ የሠራው ነገር ነገ በዕድሳት ሳቢያ እንደማይፈርስበት ተማምኖ ያድራል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ፕሮግራሙ ያረጃል፣ ደራሲውም ከብዙ ጊዜ በፊት ስላረመው ስሕተት አቤቱታ ይጎርፍለታል። በ2002 የተጀመረው አርች ሊኑክስ በአንጻሩ አዲሱ እንደ ወጣ ያድላል።

ሁለተኛው ክርክር ፕሮግራሞች በጋራ ስለሚጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች ነው። የጋራ ላይብረሪ እንደ መንደር ምንጭ ነው፤ ቢቆሽሽ ሁሉን ያውካል፣ ቢጸዳም ሁሉን ያድናል። በሚያዝያ 2014 ኦፐንኤስኤስኤል በተባለው የምሥጢራዊ ግንኙነት ላይብረሪ ውስጥ ሃርትብሊድ የተሰኘው ጉድለት በተገለጠ ጊዜ፣ ዴቢያን አንዱን ላይብረሪ አርሞ ቢልክ በእርሱ የሚገለገሉት ፕሮግራሞች ዳግም በተነሡ ጊዜ ተፈወሱ። ፍላትፓክንና ስናፕን በመሰሉት ዘዴዎች ግን ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ላይብረሪ ብዙውን ይዞ ስለሚጓዝ፣ ለደራሲው ዕረፍት ቢሆንም፣ ይዞት የመጣው ላይብረሪ በታመመ ቀን እያንዳንዱ አዘጋጅ የየራሱን ማደስ ይኖርበታል። እኔ የጋራውን መንገድ እመርጣለሁ።

ይሁን እንጂ በደራሲውና በተጠቃሚው መካከል የቆመው አማላጅ ራሱ ይስታል። በ2006 በዴቢያን ውስጥ አንድ መርማሪ መሣሪያ ያጉረመረመበት የኦፐንኤስኤስኤል ኮድ ቢወገድ፣ ለምሥጢር ቁልፎች ምንጭ ይሆን የነበረው ዕጣ መሰል ቁጥር ከሞላ ጎደል ደርቆ፣ ለየቁልፉ ዐይነት የሚገኙት አማራጮች ወደ 32,768 ወረዱ፤ ይህም እስከ ግንቦት 2008 ድረስ ሳይታወቅ ቆየ።

እንዲህም ሆኖ በመጋቢት 2024 የዝግታው ጥቅም በግልጥ ታየ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው መሐንዲስ ወደ ሩቅ ኮምፒዩተር በሚያስገባው በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ቢመረምር፣ ኤክስዜድ በተባለው የመጭመቂያ ላይብረሪ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ተንኮል ተደብቆ አገኘ። ተንኮሉን ያስገባው ሰው፣ ሥራውን ለብዙ ዘመን በብቸኝነት ሲሸከም የነበረውን ጠባቂ በረዳትነት ስም ከሁለት ዓመት በላይ ቀርቦ አመኔታውን ያገኘ ነበር። መርዙ በዴቢያን የሙከራ እትሞች ውስጥ ቢገባም ወደ ስቴብል አልደረሰም። የዴቢያን ሰዎችም ወደ አሮጌው 5.4.5 በፍጥነት ተመለሱ፤ ነገር ግን የፓኬጁ ሥርዓት በራሱ ወደ ኋላ ቁጥር ስለማይመለስ፣ አሮጌውን ኮድ ከ5.6.1 በሚበልጥ አዲስ ቁጥር አድርገው ለተጠቃሚው ላኩት።